ኬሞ ለሚወስድ ልጅ የማስመለስ መከላከያ መመሪያ፦ ከዋዜማው እስከ አምስተኛው ቀን

በልጆች ካንሰር ክፍል ኮሪደር ላይ በየሳምንቱ የሚሰማ ወግ አለ። "ትናንት ኬሞውን ሲወስድ ምንም አልሆነም። ቤት ከገባን በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አደረ።" ሲስተሯ ትጠይቃለች፦ "የታዘዘለትን የማስመለስ መከላከያ ሰጣችሁት?" መልሱም ያው ነው። "ደህና ነበር እኮ! ደህና ለሆነ ልጅ ምን ብዬ መድኃኒት እሰጣለሁ?"

እኔም እንዲሁ ብያለሁ። ሴት ልጄ በ4 ዓመቷ የኩላሊት ካንሰር ታክማለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ያበላሸኋቸው እኔ አባቷ ነኝ። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። ይህ መመሪያ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው፤ ሐኪሞቹና ሲስተሮቹ እያረሙኝ።

የማስመለስ መከላከያ የሚሠራው ልጁ ሳያስመልስ በፊት ሲሰጥ ነው። አንዴ ከጀመረው ማስቆሙ በጣም ይከብዳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህች ነጥብ ጋር ነው።

የመድኃኒት መጠን እዚህ አልጻፍኩም። መጠኑ በልጁ ክብደት ወይም በሰውነቱ ስፋት ተሰልቶ ይታዘዛል። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ልጅ የሚወስደው ለእናንተ ልጅ አይሆንም።

## ቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ለ5 ቀን የሚበቃ የማስመለስ መከላከያ፣ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት። ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ግዙት። "ሰፈራችን ፋርማሲ አይጠፋም" ብላችሁ አትመኑ፤ ይጠፋል።
- ዲጂታል ቴርሞሜትር። በብብት ብቻ ለኩ፤ በፊንጢጣ በጭራሽ።
- ለምለም (ኦአርኤስ) ቢያንስ 4 ፓኬት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ የሻይ ማንኪያ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ።
- ጓንት፣ ያልተቀደደ ወፍራም ፌስታል፣ ሰፊ ሳህን ወይም ክዳን ያለው ባልዲ፣ ሶፍት፣ ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ፕላስቲክ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- የክፍሉ ስልክ ቁጥር። ሌሊት ማን እንደሚያነሳ ጠይቃችሁ ጻፉ። ቀን ብቻ የሚሠራ ቁጥር ይዞ የተመለሰ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሰማው አውቀዋለሁ።

## 1. የሚሰጠውን መድኃኒት በስሙ እወቁ

ኬሞ ሁሉ እኩል አያስመልስም። ቪንክሪስቲን ብቻውን ከተሰጠ እምብዛም አያስመልስም፤ የእሱ ጣጣ የሆድ ድርቀት ነው። ሲስፕላቲን፣ ካርቦፕላቲን፣ አክቲኖማይሲን እና መጠኑ ከፍ ያለ ሳይክሎፎስፋማይድ ግን ብርቱ ናቸው። ወላጆች "ቀዩ" የምንለው ዶክሶሩቢሲን መሃል ላይ ነው፤ ከሌላ ጋር ሲደረብ ይብሳል።

የልጄ የመጀመሪያ ሳምንት ቪንክሪስቲን ብቻ ነበር። ምንም አልሆነችም። "የእኔ ልጅ ጠንካራ ናት" ብዬ ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ። አክቲኖማይሲን የተጨመረበት ቀን ሲመጣ በባዶ እጄ ተያዝኩ።

በየዙሩ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ጻፉ፦

1. ዛሬ የሚሰጠው ስሙ ምንድን ነው? ምን ያህል ያስመልሳል?
2. ከመርፌው በፊት የማስመለስ መከላከያ የትኛው ነው? በስንት ሰዓት ይሰጠዋል?
3. ቤት ስንገባ የትኛውን፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን እንስጠው?
4. እሱ ካልሠራ ቀጥሎ ምን አለ?

ልጁ በየዙሩ መመዘኑንም አረጋግጡ። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ይለዋወጣል፤ መጠኑም አብሮ ይለወጣል።

### ስለ መድኃኒቶቹ ትንሽ

ኬሞው የአንጀትን ሽፋን ሲጎዳ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል። እሱ ነርቭን ይነካካል፣ ነርቩ ደግሞ አንጎል ውስጥ ያለውን የማስመለስ ማዕከል ይቀሰቅሳል። ኦንዳንሴትሮን እና ግራኒሴትሮን የሚባሉት የማስመለስ መከላከያዎች ይህን መልእክት መንገድ ላይ ይዘጉታል። ቀድመው መሰጠት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ለብርቱዎቹ ኬሞዎች ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ("ዴክሳ") ይጨመራል። ይህን በራሳችሁ አትጨምሩ። ለአንዳንድ ልጅ የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት የሕክምናው አካል ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ሐኪሙ ሆን ብሎ ይተወዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕላዚል (ሜቶክሎፕራማይድ)። በየቤቱ መድኃኒት ሳጥን ውስጥ አለ። ለልጅ ሐኪም ሳያዝ አትስጡ። ልጆች ላይ አንገት ሊያጣምም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊያንከራትት፣ መንጋጋና ምላስ ሊያገትር ይችላል። ይህን ያየ ዘመድ "ቡዳ በላው" ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል። የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ ማርከሻም አለው። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ምን እንደሰጣችሁትም ሳትደብቁ ተናገሩ።

## 2. ዋዜማው

ሆዱን እዩ። ልጁ 2 ወይም 3 ቀን ካልተጸዳዳ ለሐኪሙ ተናገሩ። የደረቀ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል፤ ኦንዳንሴትሮንም በራሱ ሆድ ያደርቃል። በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ወይም ውሃ ግን አትሞክሩ፤ ኬሞ ላይ ላለ ልጅ ኢንፌክሽን ያስገባል።

ቤቱን ከሽታ አጽዱ። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የሚቁላላ ሽንኩርት፣ የሚቆላ ቡና፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ ሽቶ፣ አዲስ የታጠበ ልብስ ሳሙና ሳይቀር የልጁን ማቅለሽለሽ ያስነሳል። ለሦስት ለአራት ቀን የሚሆነውን ወጥ በዋዜማው ሠርታችሁ ጨርሱ፤ ወይም ጎረቤት ትሥራላችሁ። ቡናው ውጭ ይፈላ።

ጠያቂም ይመጣል። ፍቅር ነው፣ ግን ሽቶ ተቀብቶ፣ ዶሮ ወጥ በሣህን ይዞ ይመጣል። "ከአምስት ቀን በኋላ ኑልን" በሉ። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

## 3. የኬሞው ቀን ጠዋት

1. ለማደንዘዣ ወይም ከጀርባ ፈሳሽ ለሚወሰድበት ሂደት "ምንም እንዳይበላ" ካልተባላችሁ በቀር በባዶ ሆድ አትውሰዱት። ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻል። ከመርፌው 1 ወይም 2 ሰዓት አስቀድሞ ቀለል ያለ ነገር ስጡት፦ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሩዝ፣ ድንች ቅቅል።
2. የሚወደውን ምግብ አትስጡት። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጄ እንቁላል ፍርፍር ካላየች ቁርስ አልበላሁም የምትል ነበረች። ሁለተኛው ዙር ጠዋት "ከፊቷ የሚጠብቃት መከራ ነው" ብዬ በራሴ እጅ ሠራሁላት። ሰሃኑን ጠርጋ በላች። ማታ ያ ፍርፍር ተመልሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ እንቁላል ሲጠበስ አፍንጫዋን ይዛ ከቤት ትወጣ ነበር።

   ነገሩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ ኬሞ ለሚወስዱ ልጆች ከመርፌው በፊት ጣዕሙ ያልተለመደ አይስክሬም ሰጥተው ተመራመሩ፤ ልጆቹ በኋላ ያንን አይስክሬም ጠሉት። አእምሮ ሕመሙን በመጨረሻ ከቀመሰው ነገር ጋር ያያይዘዋል። ይህን ወደ ጥቅም መለወጥ ይቻላል። ከቁርሱ በኋላ ከመርፌው በፊት ልጁ የማያውቀው ጣዕም ያለው ከረሜላ ስጡት። ቢጠላ ከረሜላውን ይጥላ። ለሕፃን ከረሜላ ያንቃል፤ በማንኪያ ጁስ ይሻላል።
3. ከፊት የሚከፈት ልብስ አልብሱት፤ ቅያሪም ያዙ። ለራሳችሁም ጭምር።

## 4. መርፌው ሲሰጥ

የማስመለስ መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይሰጣል። ሰዓታችሁን እዩ። ወረፋው ብዙ ነው፣ ሲስተሮቹ ይሯሯጣሉ፣ ሊረሳ ይችላል። "ሲስተር፣ ይቅርታ፣ የማስመለስ መከላከያው መርፌ ተሰጥቷታል?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ የሚቀየመኝ አላገኘሁም። አንዴም "ጎሽ አስታወስከኝ" ተብያለሁ።

የሚያስመልስ ሌላ ልጅ አጠገብ ከሆናችሁ ቦታ ለመቀየር ጠይቁ። ምሳ የሚከፈትበት ማዕዘንም አይሁን። ስልክ ላይ ካርቱን፣ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ የሚሠራው ሁሉ ይሥራ፤ "አቅለሸለሸህ?" እያሉ በየደቂቃው መጠየቅ ግን ይጎዳል።

ሳይክሎፎስፋማይድ ከወሰደ ብዙ ፈሳሽ መጠጣትና ቶሎ ቶሎ መሽናት አለበት፤ መድኃኒቱ ፊኛን ያቆስላል። ያን ቀን እያስመለሰ መጠጣት ካቃተው ነገ እናያለን አትበሉ፤ ደውሉ። በ"ቀዩ" ምክንያት ሽንቱ አንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ግን አትደንግጡ፤ ቀለሙ የመድኃኒቱ ነው።

## 5. ማስመለስ ሲጀምር

1. ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ራሱን ወደ ፊት አዘንብሉ። መቀመጥ ካቃተው በጎኑ አስተኙት። በጀርባው ተኝቶ አያስመልስ፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ ይገባል።
2. ግንባሩን በእጃችሁ ያዙለት። ዝም በሉ ወይም ቀስ ብላችሁ አውሩ። "ወይኔ ልጄ!" የሚለው ጩኸት እሱንም ያስፈራዋል።
3. ሲጨርስ አፉን በንጹሕ ውሃ ያጉመጥምጥና ይትፋ። ፊቱን በቀዝቃዛ ጨርቅ ጥረጉ፤ የቆሸሸውን ልብስ አውልቁ፤ ሳህኑን ከክፍሉ አውጡ።
4. ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ቀለሙን ጻፉ።
5. 10 ደቂቃ ምንም አትስጡ።

ይህቺ የ10 ደቂቃ ትዕግሥት ብዙ ሰው አይሆንላትም። አንዲት እናት ልጇ አስመልሶ ገና አፉ ሳይጠረግ "ሰውነቱ ደረቀ" ብላ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ጊዜ ስታጠጣው ከጎኔ አይቻለሁ። ልጁ ጠምቶት ነበርና ጭልጥ አደረገው። ሦስት ደቂቃ አልቆየም። ሁለተኛው ትውከት ውሃው ራሱ ነበር።

## 6. ፈሳሹን በማንኪያ መመለስ

1. አንድ ፓኬት ለምለም በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ። የ1 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ጥሩ መለኪያ ነው። ፓኬቱን ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ ልክ አይሆንም፤ ጨዉ ሊበዛ ይችላል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።
2. ከ10 ደቂቃው በኋላ በየ5 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ። በሰዓት 12 ማንኪያ ማለት 60 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። ያንስባችኋል፣ ግን ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል።
3. አንድ ሰዓት ሳያስመልስ ከቆየ ማንኪያውን ሁለት አድርጉ። ከዚያ ወደ ትንሽ ስኒ ሂዱ።
4. እንደገና ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቁና ከአንድ ማንኪያ ጀምሩ።

ጣዕሙን እምቢ ካለ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት፤ ሲቀዘቅዝ ጨውነቱ ይደበቃል። በረዶ አድርጋችሁ ማስላስም ይቻላል። ለስላሳ መጠጥ የለምለምን ቦታ አይተካም፤ ስኳሩ ብዙ ነው፣ ጨው የለውም። ሐኪሙ ፈሳሽ እንዲቀነስ ያዘዘለት ልጅ ካለ ይህን ክፍል ከመከተላችሁ በፊት ጠይቁ።

## 7. ክኒኑን ካስመለሰውስ?

ከዋጠ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ፣ ወይም ክኒኑ ትውከቱ ውስጥ ከታየ፣ ደውላችሁ "ልድገመው ወይ?" በሉ። የማስመለስ መከላከያ ከሆነ ብዙ ጊዜ "ድገሙት" ይላሉ። ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ አይደገምም፤ ቀጣዩን በሰዓቱ ስጡ። በመሃሉ ያለው ጥያቄ ነው፤ ጠይቁ።

የኬሞ ክኒን ከሆነ ሳታማክሩ አትድገሙ። ስንቱ ወደ ሰውነት እንደገባ እናንተ ማወቅ አትችሉም። የኬሞ ክኒን ቤት ውስጥ መፍጨትም የለም፤ ዱቄቱ ለእናንተም ለሌሎች ልጆችም አደጋ ነው።

የመከላከያው ክኒን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከወጣ ትግሉን አቁሙ። ሽሮፕ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ወይም መርፌ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

## 8. ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ማስመለስ ሁለት ማዕበል አለው። የመጀመሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ይጀምርና በተለይ በብርቱዎቹ መድኃኒቶች በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ እስከ አምስተኛው ቀን ሊዘልቅ ይችላል። የመጀመሪያው ማዕበል ሆስፒታል በሚሰጠው መርፌ ስለሚያዝ ልጁ ስቆ ተጫውቶ ቤት ይገባል። ሁለተኛው የሚመጣው ሲስተር በሌለችበት ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን ያህል ቀን፣ ልጁ ደህና ቢሆንም፣ በሰዓቱ ስጡ። ቢተኛም ቀስቅሳችሁ ስጡ።

የሰዓት ወጥመድ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ነው። "8፣ 16፣ 24" ከተባለ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው። እኔ "8" የሚለውን አይቼ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብዬ የጠዋቱን ዘለልኩ። ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ሦስቱንም በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ለሲስተሯ አንብቡላት።

ትንሽ ልጅ "አቅለሸለሸኝ" አይልም። ምልክቱን እዩ፦ ድንገት ዝም ይላል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ደጋግሞ ይውጣል፣ ያዛጋል፣ ፊቱ ይነጣል፣ መጫወቻውን ይገፋል። ልጄ ስታቅለሸልሽ ጆሮዋን ትይዝ ነበር። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም። የእናንተም ልጅ የራሱ ምልክት ይኖረዋል፤ ስታገኙት ጻፉት። ከፍ ላለ ልጅ "በእጅህ አሳየኝ፣ ይህን ያህል ነው ወይስ ይህን ያህል?" በሉት።

መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደም ካስመለሰ መጠኑን አትደርቡ። ያኑ ቀን ደውሉ። ሌላ ዓይነት መድኃኒት የሚጨመርበት መንገድ አለ፤ ጥያቄ ቁጥር 4ን የጠየቃችሁት ለዚህ ነው። "መቻል አለበት፣ ኬሞ እንዲህ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ሆድ ድርቀቱን አትርሱ። ሲቀለው ፓፓያ፣ አጃ፣ ውሃ ይርዱት፤ ሦስት ቀን ካለፈ ሐኪሙ ማለስለሻ ያዝለት።

## 9. ምግብ

በእነዚህ ቀናት ዋናው ፈሳሽ ነው። ለሁለት ቀን ትንሽ የበላ ልጅ አይጎዳም፤ ተገዶ የጎረሰ ግን ያስመልሳል። "ለእኔ ስትል አንዲት ጉርሻ!" የሚለውን ልማዳችንን ለአምስት ቀን እንተወው።

ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ስጡ፤ ትኩስ ምግብ ሽታው ይወጣል። በትንሽ በትንሹ፣ በየ2 ሰዓቱ። የሚሆኑት፦ ደረቅ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ነጭ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ በሶ በፈላ ውሃ ተበጥብጦ ቀዝቅዞ። በርበሬና ቅባት ይቆይ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቀመጥ። ሕፃን ከሆነ ጡት አታቋርጡበት፤ አጠር አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ አጥቡት።

የሚከለከለው፦ ጥሬ ወይም ያልበሰለ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ የቤት እርጎ፣ ጁስ ቤት የተጨመቀ ጁስ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ እኛን የማይነካን ጀርም እሱን ይጥለዋል።

ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም እና "እገሌን ያዳነ" የተባለ ቅጠል ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥ። ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ጉበትም ሊጎዳ ይችላል። ቀጭን የዝንጅብል ሻይ ከፍ ላለ ልጅ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ። ጠበልን በተመለከተ፣ እምነታችሁን አልነካም። ለቄሱ የልጁን ሁኔታ ንገሯቸውና መረጨቱ ይብቃው፤ ያልፈላ ውሃ በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ግን ለዚህ ልጅ አደገኛ ነው።

## 10. ትውከቱን ማጽዳት

ከኬሞው በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት በትውከት፣ በሽንትና በሰገራ ውስጥ መድኃኒቱ ይወጣል። ጓንት አድርጉ። ሽንት ቤት ድፉና ሁለት ጊዜ ውሃ ልቀቁ። የቆሸሸውን ልብስ ለብቻ እጠቡ። መጨረሻ ላይ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር እናት ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው። ጓንት ካለቀ ያልተቀደደ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይሻላል ከምንም።

## 11. መርፌው ሳይደርስ የሚያስመልስ ልጅ

ልጄ በአራተኛው ዙር የሆስፒታሉን በር ስታይ ታክሲ ውስጥ አስመለሰች። ቆይቶ ደግሞ ቀይ ጁስ ስታይ። "ቀዩ" ነበር ትዝ የሚላት።

ይህ ተንኮልም ቅብጠትም አይደለም። አንጎሏ ቦታውን፣ ቀለሙን፣ የአልኮሉን ሽታ ከሕመሙ ጋር አያይዞታል። አንዴ ከመጣ መደበኛው መድኃኒት ብዙም አይረዳውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደንብ መከላከል ይህንንም መከላከል ነው።

ከመጣ፦ መንገዱን ወይም በሩን ቀይሩ። በሌላ በር ገባን፣ ለውጥ ነበረው። የመድኃኒቱ ከረጢትና ቱቦ በጨርቅ ይሸፈን ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ የለመደው ልብስ ወይም ነጠላ አፍንጫው ጋር ይሁን። ሐኪሙን ንገሩት፤ ከዋዜማው ጀምሮ የሚወሰድ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል።

## 12. ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚወስዱ ምልክቶች

ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፦

- ትኩሳት 38 እና ከዚያ በላይ። ሳትደውሉ ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።
- ትውከቱ ውስጥ ደም፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር፣ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ።
- ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ አፉ የደረቀ፣ ዓይኑ የጎደጎደ።
- በማንኪያ የሰጣችሁት ፈሳሽ እንኳ ለብዙ ሰዓት አልቀመጥ ካለው።
- የሚፈዝ፣ ለመንቃት የሚያስቸግር፣ ግራ የሚጋባ።
- ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፤ የአንገት ግትርነት።
- የተነፋና የሚያም ሆድ።

ተረኛው ሐኪም ልጁን ላያውቀው ይችላል። በር ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ካንሰር ታማሚ ነው፣ ኬሞ የወሰደው በዚህ ቀን ነው" ይሁን።

## 13. ረጅም መንገድ ላላችሁ

ጥቁር አንበሳ የሚታከሙ ብዙ ልጆች የሚመጡት ከሩቅ ነው። ከቻላችሁ ብርቱ ኬሞ በተሰጠ ማግሥት አውቶቡስ አትሳፈሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ተስፋ አዲስ እና ማቲዎስ ወንዱ የሚባሉ የካንሰር ታማሚ የሚረዱ ድርጅቶች ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አላቸው፤ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ። መሄድ ግድ ከሆነ ፊት ወንበር ያዙ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የሰዓቱ መድኃኒት ከመሳፈራችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲውል አድርጉ፣ ፌስታሉ ኪሳችሁ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። በምትሄዱበት ከተማ ያለውን ሆስፒታል ስም አስቀድማችሁ እወቁ።

## 14. ደብተሩ

በየቀኑ አንድ ገጽ፣ አራት ዓምድ፦ ሰዓት፣ የወሰደው መድኃኒት፣ ያስመለሰው፣ የሸናው። ከእኔ ደብተር የሦስተኛው ዙር ሁለተኛ ቀን እንዲህ ይላል፦ "ጠዋት 1፦ ክኒን። 3፦ ሩዝ 4 ማንኪያ። 5፦ ጆሮዋን ያዘች፣ አላስመለሰችም። 9፦ ክኒን። 11፦ አስመለሰች፣ ቢጫ፣ ግማሽ ስኒ። 11 ከ10፦ ለምለም ጀመርን። ማታ 1፦ ሸናች። 5፦ ክኒን፣ ተኛች።"

ለቀጣዩ ዙር ስትሄዱ ይህን ገጽ ለሐኪሙ ስጡ። "ብዙ አስመለሰች" ስለው ራሱን ነቅንቆ ያለፈው ሐኪም፣ ገጹን ሲያነብ ብዕሩን አወጣና ሁለተኛ መድኃኒት ጨመረላት። ደብተሩን ከካርዱ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት፤ በጥድፊያ ስትወጡ ካርዱን አትረሱም።